ባጃጄ ጦሳ ላይ ያደረችበት ሌሊት፦ ደሴ ላይ ያስገጠምኩት ጂፒኤስ ትራከር ከሰባት ወር በኋላ

ሰላም ናችሁ ወገን። ባጃጅ ወይ ሚኒባስ ገዝታችሁ ለሾፌር ሰጥታችሁ፣ ቀን ቀን የራሳችሁን ስራ እየሰራችሁ ልባችሁ ግን መንገድ ላይ የሚውል ሰዎች ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። ጂፒኤስ ትራከር (ባጃጇ የት እንዳለች ስልኬ ላይ የሚያሳየኝ እቃ) ካስገጠምኩ ሰባት ወር ሆነኝ፣ ሰው ሲጠይቀኝ "ጥሩ ነው" ብዬ ማለፍ ሰለቸኝና ጥሩውንም መጥፎውንም እንደወረደ ልጻፈው አልኩ። ይረዝማል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ካስገጠምኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል፣ ስከፍተው ባጃጇ ካሰመርኩላት ክልል ወጥታለች ይላል፣ ካርታውን ሳየው ጦሳ ላይ ናት። ጦሳ ተራራ! በዛ ብርድ፣ በዛ ዳገት፣ ባለ ሶስት ጎማ ባጃጅ። ጋቢዬን ደርቤ ባትሪ ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ባጃጇ ግቢዬ ውስጥ ቆርቆሮው ስር እንዳቆምኳት ቁጭ ብላለች፣ ሞተሯን ብነካው በረዶ ነው። ባለቤቴ ከዛ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት "ዛሬስ የት አደረች?" ትለኛለች፣ እስካሁን አልተወችኝም። እኔ ደሞ በዛች ሌሊት 5,500 ብሬ ገደል ገባ ብዬ ነበር፣ በኋላ ሳጣራ ግን ጥፋቱ የእቃው አልነበረም፣ ወይም ሙሉ በሙሉ የእሱ አልነበረም።

እቃው ምንድነው ካላችሁ፣ ሁለት ክብሪት ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሚያህል ጥቁር የቻይና ሳጥን ነው። አራት ሽቦ አለው፣ ሁለቱ ከባትሪ ይገናኛሉ፣ አንዱ ከቁልፉ (ሞተር መነሳቱን የሚያውቅበት)፣ አንዱ ደሞ ሞተር ከርቀት ለማጥፋት ለሚፈልግ ሰው ሪሌይ የሚገባበት ነው። ውስጡ ሲም ካርድ ይገባል። ሳጥኑ ከሳተላይት የሰማውን አስልቶ ያለበትን ቦታ ያውቃል፣ ከዛ በሲሙ ዳታ ወደ ሰርቨር ይልካል፣ እኔ ስልኬ ላይ አያለሁ። ዳታ በሌለ ቀን ሚሴጅ ስልክለት በሚሴጅ የካርታ ሊንክ ይመልስልኛል፣ ይሄንን በጣም ነው የወደድኩት። ብዙ ሰው "ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት አይሰራም" ሲል እሰማለሁ፣ ስህተት ነው፣ ሳተላይቱን ለመስማት ምንም ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ኔትወርኩ የሚያስፈልገው ለኔ ለመንገር ነው። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከገባ ነጥቦቹን ሚሞሪው ላይ ይዞ ቆይቶ ሲያገኝ አንድ ላይ ያራግፋቸዋል።

የገጠመልኝ ሱቅ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ ትሁት ናቸው፣ እጃቸውም ፈጣን ነው፣ ችግሩ ፍጥነታቸው ነው። በ15 ደቂቃ ጨርሰው ሰጡኝ። የት አደረጋችሁት ስላቸው "ሌባ እንዳያገኘው ደብቀነዋል ጋሼ፣ አብሽር" አሉኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ። የደበቁት ከኋላ ወንበር ስር፣ ሞተሩ አጠገብ፣ በላይም በጎንም ብረት ባለበት ቦታ ነው። ሌባ አያገኘውም እውነት ነው፣ ሳተላይትም አላገኘውም። ከዛ ማታ ማታ ደሞ እኔ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር አቆማታለሁ፣ ብረት በብረት ላይ። እንዲህ አይነት ሳጥን ሳተላይት ሲያጣ ዝም አይልም፣ ሲሙ የያዘውን የኔትወርክ ታወር አይቶ "እዚህ አካባቢ ነኝ" ብሎ ይገምታል። የታወር ግምት ደሞ በመቶ ሜትሮች፣ አንዳንዴም በኪሎ ሜትር ይስታል። የጦሳው ሌሊት ሚስጥር ይሄ ነበር። አፑ ላይ ነጥቧን ስትነኩ በትንንሽ ፊደል ከሳተላይት የመጣ ይሁን ከታወር ይጽፋል፣ ማንም አልነገረኝም፣ መመሪያው ላይም በአይን በማይታይ ፊደል ነው ያለው። ከገዛችሁ የመጀመሪያ ስራችሁ እሱን መፈለግ ይሁን፣ ከታወር የመጣ ነጥብ ላይ ተነስታችሁ ጋቢ እንዳትደርቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ከሾፌሬ ጋር ወደተጣላሁበት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ገቢ አጉድሎብኝ አያውቅም። አንድ ማክሰኞ ግን ጎደለ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ ጎሚስታ ጋ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ አለኝ። እኔ ደሞ አዲስ መጫወቻ የያዘ ሰው ነኝ፣ ወዲያው የቀኑን ታሪክ ከፈትኩት፣ 55 ደቂቃ ቆማለች፣ ነጥቧ ቤቲንግ ቤት ላይ ናት፣ ከጎኑ አይደለም፣ ጣሪያው ላይ።

"አንተ ልጅ፣ ቤቲንግ ቤት ነበርክ አይደል?"

"ጋሼ ወላሂ ጎሚስታው ጋ ነበርኩ፣ ሄደው ይጠይቁት።"

"ሳተላይት ነው የነገረኝ፣ ሳተላይት ይዋሻል?"

ልጁ ትንሽ ዝም አለና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "እንግዲያው ሳጥኑ ይንዳልዎት" ብሎኝ ወጣ። ንዴቴ ሲበርድ በማግስቱ ቦታው ሄድኩ። ጎሚስታው ከቤቲንግ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ በእርምጃ ቆጠርኩት 28 እርምጃ። ሰውየውም "አዎ፣ ጎማው ሁለት ቦታ ተበስቶ ነበር፣ ልጁም እዚችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር" አለኝ። አስቡት እንግዲህ፣ በ28 እርምጃ ስህተት የሰው ልጅ ሌባ ሊባል ነበር። ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት፣ የዛን ቀን ገቢም አልተቀበልኩም።

ከዛ ነው የእህቴን ልጅ የያዝኩት፣ ሰርቬየር (መሬት የሚለካ ባለሙያ) ነው፣ መንገድ ስራ ላይ ነው የሚውለው። ቡና ተፈልቶ እስከ ሶስተኛው ድረስ አስረዳኝ፣ የገባኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ነገር ሳተላይት አያየንም። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ከላይ ሆኖ ባጃጄን እያየ የሚከተላት ነበር የሚመስለኝ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው በቀን ሁለቴ ምድርን እየዞሩ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ "እኔ እከሌ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ጋ ነው፣ ሰዓቱ ይሄ ነው" እያሉ ይለፍፋሉ፣ በቃ ስራቸው እሱ ነው። የኔ ሳጥን ሰምቶ "ይሄ ድምጽ ከተላከ ስንት ጊዜው ነው" ብሎ ያሰላል፣ ጊዜውን በብርሃን ፍጥነት ሲያባዛ ርቀት ይሆናል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ሲግናሉ እኛ ጋ የሚደርሰው ከሰከንድ አስረኛ ባነሰ ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ሰዓት ላይ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ብትሳሳት ርቀቱ 300 ሜትር ይስታል። ሳተላይቶቹ ለዚህ ነው አቶሚክ ሰዓት የተሸከሙት። የኔ ሳጥን ግን ያለው ሰዓት ተራ ነው፣ ታዲያ እንዴት ይሆናል ስለው፣ "ለዛ እኮ ነው አራት ሳተላይት የሚያስፈልገው አጎቴ፣ ሶስቱ ቦታህን፣ አራተኛው የሰዓትህን ስህተት ለማግኘት" አለኝ። በጣም ነው የገረመኝ። አንድ ሌላም ጨመረልኝ፣ አንስታይን ባይኖር ይሄ ነገር አይሰራም ነበር አለ፣ ሰዓቶቹ እዛ ላይ ሆነው ከመሬት ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማሉ፣ ሂሳቡ አስቀድሞ ባይስተካከል ስህተቱ በየቀኑ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ማለት ጠዋት ደሴ ያለች ባጃጅ ማታ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ሐረጎ ላይ ናት።

ሲግናሉ ደሞ እጅግ ደካማ ነው። ሲላክ ኃይሉ የቤት አምፖል ያህል ጥቂት አስር ዋት ነው፣ ያን አምፖል 20,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሰቅላችሁ ከዚህ እንደማየት ቁጠሩት። ለዛ ነው ብረት የሚያስቆመው፣ ኮንክሪት የሚያስቆመው፣ እርጥብ ዛፍ የሚያደክመው። የባጃጅ ሸራ ግን ምንም አይለውም፣ ፕላስቲክም እንደዛው። ስለዚህ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሰሪ ይዤ ሳጥኑን ከሞተሩ አጠገብ አውጥተን ከፊት፣ ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ስር፣ "ይሄ ወደ ላይ" የሚለው ጽሁፍ ሰማይ እንዲያይ አድርገን አሰርነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ድሮ 4 እና 5 ሳተላይት ያሳይ የነበረው 14፣ 15 ማሳየት ጀመረ፣ ምክንያቱም የአሜሪካውን ብቻ ሳይሆን የቻይናውን ቤይዱንም ይሰማል። ስትገዙ ይሄንን ጠይቁ፣ ሻጩ "ጂፒኤስ ነው" ካላችሁ ጂፒኤስ ብቻ ነው ወይስ ቤይዱ፣ ግሎናስ፣ ጋሊልዮ ምናምንም ይይዛል በሉ። ደሴ በአንድ በኩል ጦሳ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል አቅፈዋት የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ወደ አድማስ ዝቅ ያሉት ሳተላይቶች ይከለላሉ፣ የቀሩት አናታችሁ ላይ ብቻ ሲሰበሰቡ ስሌቱ ይዛባል። ቦታህን በገመድ ለክተህ ለማወቅ አራት ሰው በአራት አቅጣጫ ገመድ ቢይዝልህና አራቱም አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ቢይዙልህ ልዩነቱ ይታያችኋል? በቃ እሱ ነው። ሳተላይት በበዛ ቁጥር ከተለያየ አቅጣጫ የማግኘት እድል ይሰፋል።

እና የካርቶኑ ጉዳይ። እቃው የመጣበት ካርቶን ላይ ትክክለኛነቱ "2.5 ሜትር" ነው ይላል። ሰርቬየሩን "ታዲያ 28 እርምጃ ከየት መጣ" ስለው ሳቀብኝ። ያ ቁጥር የሚለካው ክፍት ሰማይ ስር ነው፣ ትርጉሙም ከነጥቦቹ ግማሾቹ በ2.5 ሜትር ክብ ውስጥ ይወድቃሉ ማለት ነው። ግማሾቹ! የቀረው ግማሽ ከዛ ውጪ ነው፣ ምን ያህል ውጪ እንደሆነ ካርቶኑ አይነግራችሁም። የስልካችሁም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ስማርት ስልክ ክፍት ሰማይ ስር በ4.9 ሜትር ክብ ውስጥ ይሆናል ነው የሚሉት። ይሄ ደሞ ጥሩው ዘመን ነው፣ እስከ 1992 ሚያዝያ 24 (በፈረንጅ ሜይ 2 ቀን 2000) ድረስ አሜሪካ ለሲቪሉ የሚሄደውን ሲግናል ሆን ብላ ታበላሸው ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፣ የዛን ቀን ነው ያጠፉት። ያኔ ባጃጅ ላይ ትራከር ቢኖር ኖሮ ስንት ሾፌር ያለ ጥፋቱ በተባረረ።

አላመንኩምና ራሴ ሞከርኩት። ቅዳሜ ቀን ባጃጇን ይዤ ቦሩ ሜዳ ወጣሁ፣ እዛ ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል፣ ሳጥኑን በየ10 ሰከንዱ እንዲልክ አዝዤ አንድ ሰዓት አቆምኳት፣ እኔ ሳር ላይ ተቀምጬ እሸት እየበላሁ። ቤት ገብቼ ነጥቦቹን ሳያቸው አብዛኞቹ አንድ ሳሎን በሚያህል ቦታ ውስጥ ተጠጋግተዋል፣ የሸሹት ጥቂቶች ሰባት ስምንት ሜትር ቢሆኑ ነው። በጣም ጥሩ። ሰኞ ደሞ ፒያሳ ፎቆቹ መሀል እንደዛው አንድ ሰዓት አቆምኳት፣ የራቀው ነጥብ 38 ሜትር ሄዷል፣ ከሁሉ የከፋው ደሞ ነጥቦቹ በዙሪያዋ አልተበተኑም፣ አብዛኞቹ ወደ አንድ ጎን ነው ያዘነበሉት። ምክንያቱ ሲግናሉ በቀጥታ ሳይሆን ከመስታወቱ ግድግዳ ነጥሮ ስለሚመጣ ነው፣ የነጠረው ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፣ ሳጥኑ ደሞ መንጠሩን አያውቅም፣ ርቀቱ ስለረዘመ ነው ብሎ ይደመድማል። ገደል ስር ቆማችሁ ስትጣሩ ድምጻችሁ ከማዶ እንደሚመለሰው ማለት ነው፣ ማዶ ያለ ሰው የጠራችሁ ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ነጥብ ሰብስቦ መሀሉን መውሰድ ቦሩ ሜዳ ላይ ይሰራል፣ ፒያሳ ላይ አይሰራም፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚዋሹት። የጎሚስታውና የቤቲንግ ቤቱ ነገርም ይሄው ነው፣ ጎሚስታው ፎቅ ስር ነው ያለው። በዛ ላይ ካርታው ራሱ የቤቲንግ ቤቱን ምልክት ያስቀመጠው ትክክለኛው ቦታ ላይ አልነበረም፣ ሰው ነው በእጁ የሚያስቀምጠው፣ ወደ አስፋልቱ ገፋ አድርጎት ነበር። ሁለት ስህተት ተገናኝቶ አንድ ክስ ሆነ።

ጉም ነው ወይ የሚያበላሸው የምትሉ ይኖራችኋል፣ ደሴ እንደሆነች ክረምቱን ሙሉ ጉም ተከናንባ ነው የምትከርመው። ሱቁ ውስጥ ያሉት ልጆችም "ዛሬ ደመና ስለሆነ ነው ጋሼ" ይሉኝ ነበር። አይደለም። ጂፒኤስ የሚጠቀመው የሬዲዮ ሞገድ ደመናንም ጉምንም ዝናብንም ያለ ችግር ያልፋል፣ እኔም ነሐሴ ላይ ሶስት ሜትር ፊት ለፊት በማይታይበት ጉም ውስጥ አይቼዋለሁ፣ ለውጥ የለውም። አየሩ ትንሽ ያዘገየዋል፣ ከባህር ወለል ላይ ቆመህ ቀጥ ብሎ ከላይ የሚመጣውን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ግን የሚገመት ስለሆነ አብዛኛው በሂሳብ ይቀነሳል።

የሚያስቸግረው ከዛ በላይ ያለው ነው፣ አዮኖስፌር የሚሉት፣ ከ80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ ፀሐይ አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላችበት ንጣፍ። ሲግናሉ በዛ ሲያልፍ ይዘገያል፣ መዘግየቱ ጥቂት ሜትርም በአስር የሚቆጠር ሜትርም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ሳተላይቶቹ የሚልኩት የግምት ቀመር አለ፣ ከስህተቱ ግማሹን ያህል ነው የሚያስተካክለው። እና እኛ ላይ የሚብስበት ምክንያት አለ፣ የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መስመር በኢትዮጵያ ላይ ነው የሚያልፈው፣ በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እዛ ላይ ያለው ንጣፍ እንደ ፈላ ወተት አረፋ ይሰራል፣ ሲግናሉ አረፋው ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ነው በብዛት፣ መስከረምና መጋቢት አካባቢ ይብሳል፣ ፀሐይ ደሞ በ11 ዓመት አንዴ እየተነሳች የምትቆጣበት ዘመን አላት፣ በፈረንጅ በ2024 ጣሪያ ላይ ደርሳ ነበር። ፈረንጅ አገር የተጻፈ ሪቪው ላይ "ማታም ቀንም ያው ነው" ሲሉ ብታነቡ ለነሱ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ለኛ ግን አይደለም። እኔም ቦሩ ሜዳ ላይ አምስት ሜትር የነበረውን ግቢዬ ክፍት ቦታ ላይ ማታ 2 ሰዓት ስሞክረው 15 ሜትር ሲንገዋለል አይቻለሁ፣ ሁሉንም በአዮኖስፌር አላላክክም፣ ጎረቤቴ ያለው አዲስ ፎቅም ድርሻ ይኖረዋል።

መፍትሄው አለ፣ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ መቀበያ። መዘግየቱ በሁለቱ ፍሪኩዌንሲ ላይ እኩል ስላልሆነ ልዩነቱን አይቶ ስህተቱን ራሱ ይቀንሰዋል። በፈረንጅ ከ2018 ጀምሮ ስልክ ላይም መጥቷል፣ የመጀመሪያው ሻውሚ ሚ 8 ነበር። በኔ ዋጋ የሚሸጥ ትራከር ላይ ግን አትጠብቁ፣ ሻጭ "አለው" ቢላችሁ ካርቶኑ ላይ "ኤል 5" (የሁለተኛው ፍሪኩዌንሲ ስም) የሚል ያሳያችሁ።

ሐረጎን ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛዬ ደሴ ኮምቦልቻ የሚሰራ ሚኒባስ አለው፣ ያንኑ አይነት ሳጥን አስገጠመና በሳምንቱ "ይሄ እቃ ሌባ ነው፣ መኪናዬን ገደል ውስጥ ነው የሚያሳየኝ" ብሎ መጣ። እውነቱን ነው፣ ካርታው ላይ መስመሩ የሐረጎን ጥምዝምዝ ቆርጦ በገደሉ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ግን ነጥቦቹን አንድ በአንድ ስናይ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ናቸው! ሳጥኑ በየ30 ሰከንዱ ነበር የሚልከው፣ መኪናው ደሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ እንኳ በ30 ሰከንድ 250 ሜትር ይሄዳል፣ በ250 ሜትር ውስጥ ሐረጎ ላይ ስንት ጊዜ ትታጠፋለህ? አፑ ሁለቱን ነጥብ በቀጥታ መስመር ያገናኛል፣ ሌላ ምንም አያውቅም። "ሲታጠፍም ላክ" የሚል ሴቲንግ ነበረው፣ አበራነው፣ መስመሩ መንገድ መንገዱን ያዘ። ዳታ ትንሽ ይበላል። ስለዚህ የሳተላይቱ ስህተትና የአፑ አሳሳል የተለያዩ ናቸው፣ ሳትለዩ ሻጭ ላይ አትጩሁ፣ እኔ ጮሄ አፍሬያለሁ።

ሌላው የኪሎ ሜትር ነገር ነው። አፑ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ይነግራል፣ ለዘይት ቅየራ አሪፍ ነው ብዬ ነበር። አንድ እሁድ ባጃጇ ከግቢ ሳትወጣ ዋለች፣ ማታ ሳይ 4 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ይላል፣ ካርታው ላይ ግቢዬ የሸረሪት ድር መስሏል። ቆማ እያለች ነጥቧ ወዲያና ወዲህ ስትዋዥቅ አፑ እሷን ሁሉ እየደመረ ነው። ሱቁ የቁልፉን ሽቦ ሳያገናኝ ነበር የተወው፣ ለዛ ነው 15 ደቂቃ የፈጀበት። ሽቦው ሲገናኝ ሞተር ከጠፋ ነጥቧን እዛው ይቸነክራታል፣ ድሩም ጠፋ። ስታስገጥሙ አራቱም ሽቦ የት የት እንደገባ ቆማችሁ አሳዩኝ በሉ፣ ሪሌይዋን ግን እኔ አላስገባሁም፣ በሞተር ማጥፊያ ቀልድ የለም፣ ቁልቁለት ላይ ያለ ሰው ላይ በስልክ ሞተር ማጥፋት ነፍስ ማጥፋት ነው።

ጠዋት ጠዋትም አትቸኩሉ። ሳጥኑ ሌሊቱን ቆርቆሮ ስር አድሮ ሰማይ ሲያይ የሳተላይቶቹን ወቅታዊ መረጃ እንደገና ማንበብ አለበት፣ እነሱ ደሞ የሚያወሩት በሰከንድ 50 ቢት ነው፣ ቀርፋፋ ሽማግሌ በሉት። የአንድ ሳተላይት መረጃ 30 ሰከንድ ይፈጃል፣ የሁሉንም ዝርዝር ለመስማት 12 ደቂቃ ተኩል። መጀመሪያ የሚመጡት ሁለት ሶስት ነጥቦች ሰካራም ናቸው፣ እለፏቸው።

ደሞ አንድ ዘመዴ "እንግዲያው ቦታዬን በስልክህ ለካልኝ" ብሎኝ ነበር፣ 200 ካሬ፣ 10 በ20። አምስት ሜትር የሚስት እቃ ይዘህ አስር ሜትር ጎን ስትለካ ግማሹን ለጎረቤት ልትሰጥ ወይ ከጎረቤት ልትወስድ ነው። ለዛ ሰርቬየሮቹ የሚይዙት ሌላ ነው፣ አንዱ የታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ ስህተቱን እየለካ ለሌላው የሚነግርበት፣ ሴንቲሜትር የሚደርሰው። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ስለ ሌብነት ካነሳን፣ እስካሁን አልተሰረቀችም ስለዚህ በዛ በኩል ፈተናውን አልተፈተነም። ደካማ ሲግናል ስለሆነ በፎይል መሸፈንም በጃመር (ሲግናል በሚያውክ መሳሪያ) ማፈንም ይቻላል፣ አውቃለሁ። ግን ሚያዝያ ላይ ሾፌሩ ታሞ የተካው ልጅ ስልኩን ዘግቶ እስከ ማታ 4 ሰዓት ሲጠፋ ባጃጇ ገራዶ በኩል መቆሟን አይቼ ሄጄ አግኝቻታለሁ፣ ነጥቧ ከቆመችበት አንድ ስድስት ሜትር ነበር የራቀው፣ አጥር ማዶ። ባጃጅ ስትፈልጉ ስድስት ሜትር ምንም አይደለም፣ ቀና ስትሉ ትታያለች። ሰውን ስትከሱ ግን ስድስት ሜትር ብዙ ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁ ለእቃው ከ10 ሰባት፣ ለአገጣጠሙ ሶስት፣ እሱም ለትህትናቸው። ሲሙ ላይ ብር መኖሩን ግን እየቆጠራችሁ፣ ሁለቴ አልቆብኝ ቀኑን ሙሉ የትናንቷን ባጃጅ ሳያት ውያለሁ። ሾፌሬ አሁንም ከኔ ጋር ነው፣ የአፑን መግቢያም ሰጥቼዋለሁ፣ እሱም ያያል፣ ነጥቧ የማይሆን ቦታ ስትገባ ራሱ ደውሎ "ጋሼ ዛሬ ደሞ ቦርከና ውስጥ እየዋኘሁ ነው" ይለኛል። የማታውን ማንቂያ ሻጩ 30 ሜትር ላይ ነበር ያደረገልኝ፣ በሳምንት ሶስት ሌሊት ያስነሳኝ ነበር፣ 200 አድርጌዋለሁ፣ ከዛ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው፣ እሱም ባለቤቴ እናቷ ዘንድ ልትሄድ በለሊት ባጃጇን አስነስታ ስትወጣ።